የዩኒቨርሲቲው በርና የሠፈራችን መንገድ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ ነዋሪዎች እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)




በቅድሚያ ይህን የአዳማ ፀሐይና አቧራ ችላችሁ፣ የእሁድ ዕረፍታችሁንም ትታችሁ ስለመጣችሁ በኮሚቴው ስም አመሰግናለሁ። ዛሬ እንድናገር የታዘዝኩት በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። እሱም በሠፈራችን ውስጥ ለውስጥ እያቋረጠ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ስለሚሄደውና ከዚያ ስለሚመለሰው ተሽከርካሪ ነው።

ባለፈው ስብሰባ ይኸው ጉዳይ ተነሥቶ ብዙ ጭቅጭቅ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ግማሹ ሰው «መንገዱን በድንጋይ እንዝጋው፤ ያኔ ሰሚ እናገኛለን» አለ። ግማሹ ደግሞ «ተዉ እንጂ፣ እንጀራችን እኮ በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው፤ ዩኒቨርሲቲው ባይኖር ክፍሎቻችንን ማን ይከራየን ነበር?» አለ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ኮሚቴው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ ተወያይቷል። የደረሰበትን አሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ። መንገዱ ይዘጋ አንልም፤ እንዳለ ይቀጥልም አንልም። መኪና የሚበዛበት ቀንና ሰዓት የታወቀ ስለሆነ፣ በሰዓትና በመስመር እንዲከፋፈል ቆጥረንና ጽፈን እንጠይቅ ነው የምንለው። ምክንያቱን በየተራ አስረዳለሁ።

ዩኒቨርሲቲውና ከተማው እንዴት አደጉ

ዛሬ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም ሲጀመር ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተቋቋመ። ቀጥሎም ለየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ አስተማሪ የሚያወጣ የቴክኒክ መምህራን ኮሌጅ ሆነ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በግንቦት 2003 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአሁኑን ስም ሰጠው። እንግዲህ ስሙ በተለወጠ ቁጥር ሕንፃውም፣ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ ሠራተኛውም እየጨመረ ሄዷል።

ከተማችንም ቆማ አልጠበቀችም። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የአዳማ ሕዝብ 127,842 ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ 220,212 ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ዕድገት ያው በዓይናችን የምናየው ነው። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ደግሞ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ተመረቀ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ አዳማ ጉዳዩን ፈጽሞ፣ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው በዝቷል። ትልቁ መንገድ ሰፋ ማለት ነው። ትልቁ መንገድ ሲሰፋ ግን የሚያመጣውን መኪና በመጨረሻ የሚያራግፈው ትንሹ መንገድ ላይ ነው።

ትንሹ መንገድ የእኛው ነው። ስፋቱ ድሮ ጋሪና እግረኛ ሲመላለስበት የነበረው ነው። ዛሬ በዚያው ስፋት ላይ ጋሪው አለ፣ ባጃጁ አለ፣ ሚኒባሱ አለ፣ ሰርቪሱ አለ፣ አሸዋ የጫነው ሲኖትራክም አለ። ማንም አስቦ አላጠፋም። ሁሉም በየፊናው አደገ፤ መንገዱ ብቻ ቀረ።

የሚመጣው ተሽከርካሪ አንድ ዓይነት አይደለም

አቤቱታ ይዘን ስንሄድ «መኪና በዛብን» ብቻ ካልን፣ «ከተማ አይደለም እንዴ፣ መኪና ምን ይሁን ታዲያ?» ተብለን እንመለሳለን። የትኛው መኪና? በስንት ሰዓት? በየትኛው በኩል? ይህን ለይተን መናገር አለብን።

በሌላው አገር ዩኒቨርሲቲ ሲያድግ የሠፈሩ ሰው የሚያማርረው በተማሪ መኪና ነው አሉ። ተማሪው በየደጁ መኪናውን አቁሞ ይሄዳል። የእኛ አገር ተማሪ ግን በአብዛኛው የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው። ሲወጣም በእግሩ ነው፤ ካልሆነም በባጃጅ። ስለዚህ የእኛ ችግር ሌላ መልክ አለው። ኮሚቴው በአምስት ከፍሎ አይቶታል።

አንደኛው የሠራተኛ ሰርቪስና የመምህራን መኪና ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ይገባል፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ይወጣል። የጠዋቱ ሰዓት ልጆቻችን ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት፣ አንድ መንገድ፣ ሁለት ዓይነት ተጓዥ ማለት ነው።

ሁለተኛው ባጃጅ ነው። ባጃጅ ቀኑን ሙሉ አለ፤ የሚብሰው ግን ወደ ማታ፣ ተማሪው ተናፈሰ፣ ፎቶ ኮፒ አስነሣ፣ ራቱን በላ ሲባል ነው። ያን ጊዜ በየቅያሱ አፍ ላይ ይሰለፋል፤ ወደኋላ ሳያይ ይዞራል፤ ሰው በእጁ በጠራው ቁጥር መሐል መንገድ ላይ ይቆማል።

ሦስተኛው ለማታና ለቅዳሜና እሁድ ትምህርት የሚመጡ ሥራ ያላቸው ሰዎች መኪና ነው። እነዚህ ናቸው በየደጃችን አቁመው የሚሄዱት። ቁጥራቸው ብዙ ባይሆንም፣ ጠባብ መንገድ ላይ በግራም በቀኝም ከቆሙ መሐሉ ለአንድ ባጃጅ ብቻ ይቀራል።

አራተኛው የግንባታ ከባድ መኪና ነው። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ብረት የጫነ። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ሁሉ ጭነት ወደ ዩኒቨርሲቲው ብቻ የሚሄድ አይደለም። ለተማሪና ለሠራተኛ ለማከራየት ብለን እኛው የምንሠራው ቤትም አለበት።

አምስተኛው በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ የሚመጣው ነው። ተማሪ በጥሪ ሲገባ ሻንጣና ፍራሽ የጫነው ባጃጅ ከመናኸሪያ ይጎርፋል። በምረቃ ቀን ደግሞ ከየአገሩ ሚኒባስ ተከራይቶ የሚመጣው ዘመድ፣ አበባ ሻጩ፣ ፎቶ አንሺው ተጨምሮ መንገዱ ይዘጋል። የእነሱ ደስታ ደስታችን ነው፤ ከእኛም ቤት ልጁን ያስመረቀ አለ። ግን ቀኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ እንደ ድንገተኛ ጎርፍ ሊይዘን አይገባም።

አሁን ልብ በሉ። ከአምስቱ ውስጥ አንዱም «መንገዱን ዝጉት» በማለት የሚፈታ የለም። ሰርቪሱ መስመር ይፈልጋል። ባጃጁ መቆሚያ ይፈልጋል። የማታው ተማሪ ግቢ ውስጥ ማቆሚያ ይፈልጋል። ከባድ መኪናው ሰዓት ይፈልጋል። የምረቃው ቀን አስተናባሪ ይፈልጋል።

መንገዳችን መተላለፊያ ብቻ አይደለም

ሾፌሩ መንገዳችንን የሚያየው ማቋረጫ አድርጎ ነው። ለእኛ ግን ከዚያ በላይ ነው። ልጅ ኳስ የሚጫወተው እዚህ ነው። በርበሬ የሚሰጣው፣ ማታ በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጣው፣ አሮጊቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሽማግሌው ወደ መስጊድ የሚሄዱት በዚሁ ነው። ለቅሶ ሲደርስም ሆነ ሠርግ ሲመጣ ድንኳን የምንተክለው እዚሁ ነው። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሐዘንተኛ የሚያስቀምጥ ግቢ ያለው ስንቱ ነው? መንገዱ ከተወሰደብን ሐዘናችንን የምናሳልፍበት ቦታ ነው የተወሰደብን።

ዓምና በበጋው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባጃጅ የገጫት ልጅ ከመሐላችን ናት። እግሯ ድኗል፤ ከትምህርቷ ግን ሁለት ወር ቀርታለች። ምጥ የያዛት አንዲት ጎረቤታችንን ሊወስድ የመጣ መኪናም አሸዋ የሚያራግፍ ከባድ መኪና እስኪነሣ ድረስ ቆሞ ጠብቋል። ፈጣሪ ረድቶ ሁለቱም በደኅና አለፈ። ሦስተኛውን ግን አንጠብቅ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

ስለ ፍጥነትም ጥቂት ልበል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ30 የሚሄደው ደግሞ 8 ሜትር ያህል። ሾፌሩ ልጅ ዘላ ስትገባ አይቶ፣ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ይህ ገና ፍሬኑ ሳይያዝ ነው። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ የነበረው መኪና ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው። የሠፈራችን ቅያስ ከቅያስ ያለውን ርቀት ታውቁታላችሁ። በ60 የሚመጣ መኪና ልጅን አይቶ የሚቆምበት ቦታ የለውም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በስዊድን አገር በስቶክሆልም የየአገሩ ሹማምንት ስለ መንገድ ደኅንነት ተሰብስበው ባወጡት መግለጫ፣ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚደባለቅበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ጠይቀዋል። ስለዚህ 30 ይሁን ስንል ያልተሰማ ነገር መጠየቃችን አይደለም።

ድንጋይ ስለ መደርደር

ድንጋይ እንደርድር ያላችሁ ወጣቶች ተቆርቋሪነታችሁን እናመሰግናለን። ኮሚቴው ግን በአራት ምክንያት አልተስማማም።

መጀመሪያ፣ ድንጋይ ሰው አይመርጥም። ምጥ የያዛትን የሚወስደውን መኪና፣ የእሳት አደጋውን መኪና፣ ውኃ ሲጠፋ የሚመጣውን ቦቴ ሁሉ ያቆማል። ሁለተኛ፣ በማታ መብራት ሲጠፋ በዚያ ላይ የሚገለበጠው ባጃጅ የራሳችንን ሰው የጫነ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ክረምት ሲመጣ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ታውቁታላችሁ። በዘፈቀደ የተከመረ አፈርና ድንጋይ ውኃውን ከቦይ አስወጥቶ ወደ ቤታችን ይመልሰዋል። አራተኛ፣ ከእኛ ደጅ የተባረረ መኪና አየር ላይ አይቀርም፤ ወደ ጎረቤት ሠፈር ነው የሚሄደው። ያ ሠፈርም ልጆች አሉት። እነሱም ድንጋይ ቢደረድሩብን ምን እንላለን?

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ያስፈልጋል፤ በዚህ እንስማማለን። ግን በባለሙያ ተለክቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከፊቱ ምልክት ተተክሎ፣ የውኃ መውረጃው ተጠብቆ ይሠራ።

የራሳችን ድርሻ

ሰው ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ደጃችንን እንጥረግ። በደጁ አሸዋና ብሎኬት አራግፎ ወር ሙሉ ያላነሣ አለ። የሱቁን ሸቀጥ፣ የሻይ ቤቱን ወንበር እግረኛ መሄጃ ላይ የሚዘረጋ አለ፤ እግረኛው ታዲያ ወደ መኪናው ይወርዳል። ባጃጁን መታጠፊያ ላይ የሚያሳድር አለ። የቦይ ክዳን ወስዶ ለሌላ ነገር ያዋለም አለ። ስም አልጠራም፤ ሁሉም ራሱን ያውቃል። እነዚህ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ እንዲነሡ ኮሚቴው ይጠይቃል። ማንሳት ለማይችሉ አቅመ ደካሞች ወጣቶቹ ያግዟቸው።

ስለ ድንኳንም አንድ ነገር። ድንኳን መትከላችንን አንተውም። ግን ስንተክል በአንድ ወገን ለአንድ መኪና የሚበቃ ማለፊያ እንተው፤ ያ ካልተቻለ ደግሞ ቀይ ጨርቅ የያዙ ሁለት ልጆች በሁለቱም ቅያስ ጫፍ ቆመው መኪናውን አስቀድመው ይመልሱ። የድንኳን ገመድ ላይ ማታ ነጭ ጨርቅ እንሠር።

ልጆቻችንንም እናስተምር። እግረኛ መሄጃ በሌለበት ግራቸውን ይዘው፣ መኪናው ፊት ለፊት እየታያቸው ይሂዱ። ይህ ለትልቁም ሰው ነው።

ከሌላው ምን እንማራለን

አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ ዴቪስ የምትባል ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለች። እንደ እኛ ሜዳማ ናት፤ በጋዋም ሞቃት ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲያድግባት ሁሉን በመኪና ከማስተናገድ ይልቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 መንገዷ ላይ ለብስክሌት ብቻ የተለየ መስመር አሰመረች። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ከጀመሩት የመጀመሪያዋ ናት ይባላል። የሚገርመው ነገር አሳቡ ከላይ አልመጣም፤ ነዋሪው ነው ጠይቆ ያስፈጸመው። ብስክሌት ለእኛም ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰዎች እንግዳ አይደለም። ሜዳው ለብስክሌት የተፈጠረ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ዋናው መንገድ አንድ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መስመር ቢኖር ስንት የባጃጅ ምልልስ ይቀር ነበር!

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር መጨረሻ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ተብሎ ለተወሰነ ሰዓት መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሰው በእግሩ እንዲንቀሳቀስበት፣ ልጆችም እንዲጫወቱበት ተደርጓል። ከዚህ የምንረዳው መንግሥትም ቢሆን መንገድን በሰዓት መክፈልና መዝጋት እንደሚቻል የተቀበለ መሆኑን ነው። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው።

የምንጠይቀው ምንድነው

ለዩኒቨርሲቲው፦ ሰርቪሶች በዋናው መንገድ ብቻ እንዲመላለሱ፤ የማታና የቅዳሜና እሁድ ተማሪ መኪናውን ግቢ ውስጥ የሚያቆምበት ቦታ እንዲመቻች፤ የጥሪና የምረቃ ቀን ከሁለት ሳምንት በፊት ለማኅበራችን በደብዳቤ እንዲገለጽና አስተናባሪ እንዲመደብ።

ለግንባታ ተቋራጮችና ቤት ለምንሠራ ነዋሪዎች፦ ከባድ መኪና ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ልጆች ከትምህርት ቤት በሚመለሱበት ሰዓት በውስጥ መንገድ እንዳይገባ፤ አሸዋ የጫነ ሁሉ ሸራ እንዲለብስ።

ለባጃጅ ማኅበራት፦ በበሩ አጠገብ አንድ የታወቀ መቆሚያ ተለይቶ ከዚያ ውጭ በቅያስ አፍ ላይ ሰልፍ እንዲቀር። ባጃጅ ነጂዎቹ ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ ጠላት አድርገን አንያቸው።

ለከተማው አስተዳደርና ለትራፊክ ፖሊስ፦ የ30 ኪሎ ሜትር ምልክት፣ በትምህርት ቤቱ መሻገሪያ ላይ ዜብራና ጉብታ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል የሚቆም ትራፊክ።

ቆጠራው

ይህን ሁሉ የምንጠይቀው በወረቀት ላይ ቁጥር ይዘን ነው። ቁጥር የሌለው አቤቱታ ለቅሶ ነው፤ ሰው ያዝንልሃል እንጂ ሥራ አይሠራልህም። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ቀን እንቆጥራለን፤ ማክሰኞ፣ ዓርብና ቅዳሜ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ10 እስከ 1 ሰዓት። በሦስት ቅያስ ላይ ሁለት ሁለት ሰው ይቆማል። ደብተሩ ላይ ዓምድ ይሰመራል፤ ባጃጅ፣ የቤት መኪናና ሚኒባስ፣ ሰርቪስ፣ ከባድ መኪና፣ ሞተር ብስክሌት፣ ጋሪ፣ እግረኛ። ባለፈ ቁጥር አንድ ጭረት፤ አምስተኛው ጭረት አራቱን ይሰርዛል፤ በየሩብ ሰዓቱ መስመር ይሰመራል። ይህ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሚሠራው ሥራ ነው። የታርጋ ቁጥር አንጽፍም፣ ማንንም አናስቆምም፣ ከማንም ጋር አንጣላም። መቁጠር ብቻ።

ከዚህ ሌላ፣ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎትም እንዲሰጡ ያዝዛል። እዚሁ ግቢ ውስጥ የመንገድ ሥራ የሚማሩ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች አሉ። ቆጠራችንን ይዘን ሄደን «ልጆቻችሁ ከመምህራቸው ጋር መጥተው መንገዱን ይለኩልን፣ መፍትሔውንም በሥዕል ያሳዩን» ብለን እንጠይቃለን። እነሱም ይማሩበታል፣ እኛም እንጠቀማለን። ከከሳሽና ከተከሳሽነት ይልቅ እንዲህ ብንገናኝ ይሻላል።

ወገኖቼ፣

ዩኒቨርሲቲው ነገም ያድጋል፤ እኛም ነገ እዚሁ ነን። ማንኛችንም የምንሄድበት የለንም። ልጆቻችን አንድ ቀን በዚያ በር ገብተው እንዲማሩ የምንመኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ መንገዱን በደኅና ተሻግረው ያድጉ።

አሁን ለውሳኔ የቀረቡት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ቆጠራው ይካሄድ ወይ? ሁለተኛ፣ ደብዳቤውን ይዘው የሚሄዱ አምስት ሰዎች፣ ከእነዚህም ሁለቱ የአገር ሽማግሌ፣ ሁለቱ እናቶች፣ አንዱ ወጣት እንዲሆኑ ይመረጡ ወይ? ሦስተኛ፣ መልስ እስኪመጣ ድረስ ማንም ድንጋይ እንዳይደረድር እንስማማ ወይ? እጃችሁን እያወጣችሁ ወስኑ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሥራውን ለኮሚቴው ብቻ አትተዉት።



የማኅበሩ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ሦስቱም የውሳኔ አሳቦች በእጅ ብልጫ አልፈዋል። በቆጠራው ለመሳተፍ የምትፈልጉ ነዋሪዎች ዘወትር ከ11 ሰዓት በኋላ ማኅበሩ ቤት መጥታችሁ ተመዝገቡ። ደብተርና እስክሪብቶ በማኅበሩ ወጪ ይዘጋጃል፤ ጥላና የሚጠጣ ውኃ ግን ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ።